እኅቴ ማንአልሞሽ ተራራ የወጣች ቀን

እኅቴ ማንአልሞሽ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። ምን እንደምትሠራ ሲጠይቋት እንዲሁ ብላ ነው የምትመልሰው፤ አታሳምረውም፣ አታሳንሰውምም። ከአውሮፕላን የወረዱ አዛውንቶችን፣ እግራቸው በጀሶ የታሰረ ወጣቶችን፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ እናቶችን ከበር ተቀብላ ሻንጣቸው ጋ፣ ከዚያም ልጆቻቸው ጋ ታደርሳለች።

እኔ ዲቪ ደርሶኝ ሲያትል የገባሁ ቀን የተቀበለችኝ ከነዩኒፎርሟ ነበር። ገና ከሩቅ ሳያት ሻንጣዬን ጥዬ ሮጥኩ። እሷ ግን አንዲት የህንድ አሮጊት እየገፋች ነበርና፣ "ፀዲዬ፣ ቆይ፣ እኚህን እናት ላድርስና እስምሻለሁ" ብላኝ አለፈች። ስንት ዓመት ተለያይተን! እዚያው እንደቆምኩ ሳቄም ልቅሶዬም አንድ ላይ መጣ። ሴትየዋን ለልጃቸው አስረከበች፤ ጎንበስ ብላ ነጠላ መሰል ልብሳቸውን ከጎማው ውስጥ አወጣችላቸው፤ ጉንጫቸውን ሳመች። ከዚያ ዞራ ወደ እኔ ስትሮጥ ጫማዋ ወለሉ ላይ ሲጮህ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ማኔ እንዲህ ናት። የያዘችውን ሳታደርስ ሌላ አትይዝም።

ባለቤቷን ጋሼ ፍቅረ ሥላሴን የማውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ፣ አዲስ አበባ አውቶቡስ ሲነዳ ነው። ጨዋታ አዋቂ ነበር። ሲያትል መጥቶ ታክሲ ሲይዝም አልተለወጠም፤ የጫነውን ሰው ሁሉ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛው ሲያስቅ ይውላል፣ ማታ ቤት ሲገባ ደግሞ የተሳፋሪዎቹን ድምፅና አነጋገር እያስመሰለ እኛን በሳቅ ይገድለናል። ልጃቸው ሃሴት ትንሽ ሳለች እራቷን የምትበላው በእሱ ወሬ ነበር። እሱ ዝም ካለ አፏን ትዘጋለች።

የምንኖረው ዴ ሞይን ነው፤ ከኤርፖርቱ በታች፣ ባሕሩ አጠገብ። ከእኛ ሰፈር ወጥቶ ወደ ደቡብ ለሚነዳ ሰው፣ ሰማዩ ጠርቶ ከሆነ፣ የሬኒየር ተራራ መንገዱ ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ይታያል። በረዶው ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። ደመና ከሆነ ግን እዚያ ቦታ ተራራ አለ ብሎ የሚያምን የለም። ጋሼ ፍቅሬ ባየው ቁጥር፣ ጎረቤት ከቤቱ የወጣ ይመስል፣ "ዛሬ ወጥቷል" ይላል። ሁለት ጊዜ ቱሪስት ጭኖ እስከ ላይ ሄዷል። "ታዲያ ምን ይመስላል?" ሲሉት፣ "እኔ ምን አውቄ! ፓርክ አድርጌ ተኛሁ" ብሎ ሁላችንንም ያስቃል። "እናንተን ግን እወስዳችኋለሁ። በዚህ ሰመር።"

ሰመሩ ይመጣል፣ ይሄዳል። ማኔ ትርፍ ሰዓት ትገባለች፤ እሱ የቅዳሜ ሥራ አያስመልጥም። ሃሴት ስትነዘንዘው፣ "ተራራ ነው እኮ፣ የት ይሄድብናል?" ይላታል።

አንድ ጠዋት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ስትሮክ መታው። ማኔ ለሥራ ልትወጣ በሩ ጋ ነበረች። ሲወድቅ ሰምታ ተመለሰች።

ሆስፒታል ሰነበተ። ነፍሱ ተረፈች። ግራ እጁና ግራ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልታዘዝ አሉት፤ አንደበቱም ተሳሰረ። ሊል የፈለገውን ያውቀዋል፣ ቃሉ ግን ከአፉ ለመውጣት ደጅ ይጠናል። ያ ሰውን ሁሉ ያስቅ የነበረ ሰው፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ፊቱ በላብ መጠመቁን ሲያይ፣ ዝም ማለትን መረጠ። መስኮቱ አጠገብ ይቀመጥና ወደ ኤርፖርቱ የሚወርዱትን አውሮፕላኖች ያያል። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር ሰዓቱን ያያል። ማኔ መቼ እንደምትገባ እያሰበ እንደሆነ እኔ ዘግይቼ ነው የገባኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ዊልቸሩን የምትገፋው እሷው ነበረች፤ ሐኪም ቤትም፣ ፊዚዮቴራፒም፣ ቤተ ክርስቲያንም። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንድ የምናውቀው ሰው ለጨዋታ ብሎ፣ "ማንአልሞሽ፣ ሥራና ቤት አልለይ አለሽ አይደል?" አላት። እሷ ሳቀች። ጋሼ ፍቅሬ አልሳቀም። ከዚያ ሰሞን ጀምሮ ማኔ ከኋላው ቆማ እጀታውን ስትይዝ፣ ደህናውን እጁን ከፍ ያደርግና፣ "ተይ" ይላታል። "ፀዲ... ትግፋ።" እኔ ከሌለሁ ሃሴት። ሃሴትም ከሌለች መቅረት። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤተ ክርስቲያኑም ቀረ፣ ሰው ቤት መሄዱም ቀረ።

አንድ ቀን ማኔና እኔ ከማድረቂያው የወጣ ልብስ እያጣጠፍን፣ "አፈረብኝ" አለችኝ።

"ማን?"

"ፍቅሬ ነዋ። ዊልቸር የምትገፋ ሚስት ይዞ ሰው ፊት መታየት አሳፈረው።"

"እትዬ! ጋሼ እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው?"

"ታዲያ ምንድን ነው? ንገሪኛ።"

እውነቱን ለመናገር፣ እኔም በልቤ እንደዚያው ጠርጥሬ ነበር።

"ጠይቂዋ" አልኳት።

የሃሴትን ካልሲ ጓደኛውን ፈልጋ አገናኘችና፣ "አዎ ቢለኝስ?" አለች።

ሃሴት መንጃ ፈቃድ ያወጣችው ካቻምና ነው። ነሐሴ ላይ ልደቷ ሲደርስ፣ እራት ላይ እናቷ ምን እንዲገዛላት እንደምትፈልግ ጠየቀቻት። ሃሴት በአማርኛ የሚነገራትን ሁሉ ትሰማለች፣ መልሷ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን አስባበት የመጣች ይመስል በአማርኛ ተናገረች።

"ምንም አትግዙልኝ። ተራራው ጋ እንሂድ። እኔ ነኝ የምነዳው።"

ማኔ ወደ ጋሼ ፍቅሬ አየች።

"ዳዲ፣ ፕሮሚስ አድርገሃል። ትንሽ ልጅ እያለሁ።"

ጋሼ ፍቅሬ ሳህኑን አየ። "ጭጋግ... ይሆናል" አለ።

"ኦኬ። ጭጋጉን እናያለን።"

ደህናው የፊቱ ጎን ፈገግ አለ። እሷን እምቢ ማለት ድሮም አይችልበትም። ጥቂት ቆይቶ ግን፣ "እሺ። ማኔ ግን... አትገፋም" አለ።

ማኔ ሳህኖቹን ሰብስባ ኩሽና ገባችና ቧንቧውን ለቀቀችው። እኔ ተከትያት ገብቼ ከጎኗ ቆምኩ። እጆቿን የሞቀ ውሃ ውስጥ ነክራ ቆማለች። ሳህን ግን አታጥብም ነበር።

ቢሆንም አልቀረችም። የሥራ ጓደኛዋን ነጂባን ፈረቃ እንድትቀይራት ለመነቻት፤ ነጂባም፣ "ሂጂ፣ ለእኔም ፎቶ አንሺልኝ" አለቻት። ከመሄዳችን በፊት ባለው ቀን ማኔ ዊልቸሩን በረንዳ አውጥታ፣ ጎማው ላይ የተጠመጠመውን ፀጉርና ክር በመቀስ እየቆረጠች ስታጸዳ አየኋት። አትገፋም የተባለችውን ዊልቸር።

ፍልሰታ ተፈቶ ነበርና ስንቅ አልቸገረንም። ዳቦ በጥብስ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙስ ይዘን በጠዋት ተነሣን። ሃሴት መሪውን ጨበጠች። ጋሼ ፍቅሬ ከጎኗ፣ ማኔና እኔ ከኋላ።

ሃይዌይ ላይ ስንወጣ ማኔ የበሩን እጀታ ይዛ መጸለይ ጀመረች። ሃሴት ፍሬን በነካች ቁጥር፣ "በስመ አብ!" ትላለች።

"ማሚ፣ ስቶፕ! አይ ጋት ዚስ!" እችለዋለሁ ማለቷ ነው።

"እኔ ለአንቺ አይደለም፣ ለፊተኛው መኪና ነው የምጸልየው።"

ጋሼ ፍቅሬ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ወንበሩ ላይ ቀና ብሎ መንገዱን እየጠበቀ፣ "መስታወት" ይላታል። "ቀስ... አሁን እለፊ። ጎበዝ።" ሃሴት ደግሞ፣ ለእናቷ በእንግሊዝኛ የምትጮኸው ልጅ፣ ለእሱ ትእዛዝ ሁሉ "እሺ፣ ዳዲ" እያለች ትነዳለች። ወር ሙሉ ከተናገረው ይልቅ በዚያ መንገድ ላይ የተናገረው ሳይበልጥ አይቀርም። ማኔ ክንዴን በክርኗ ነካ አደረገችኝ። እኔም ሰምቻለሁ ለማለት ነካ አደረግኳት።

ከተማው አለቀና ጫካው ገጠመ። ዛፎቹ ከመርዘማቸው የተነሳ መንገዱ ላይ ቀኑ የመሸ ይመስላል። ከጎናችን የሚወርደው ወንዝ ዱቄት የታጠበበት ውሃ ይመስል ነጥቷል፤ ከበረዶው ሥር ድንጋይ እየፈጨ ስለሚመጣ ነው ብላ ሃሴት ነገረችን፣ ትምህርት ቤት ተምራው ኖሯል። ከዚያ መንገዱ ይጠማዘዝ፣ ይወጣ ጀመር። ስንወጣ ደመናው ወረደ። መጨረሻ ላይ፣ ፓራዳይዝ ከሚሉት ቦታ ስንደርስ፣ ከፊታችን ያለው መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነበር የሚታየን።

ፓራዳይዝ ገነት ማለት ነው። ማኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየችና፣ "ገነትስ ገነት ነው፣ የሚታይ ነገር ግን የለውም" አለች።

ጃኬታችንን ደራርበን ወረድን። የፓርኩ ሠራተኛ የሆነች ሴት፣ ተራራው ሊገለጥም ላይገለጥም እንደሚችል ነገረችን፤ እስከ አንድ ፏፏቴ ድረስ ግን አስፋልት የተነጠፈበት የእግር መንገድ አለ፣ ረዳት ካለው ዊልቸርም ይሄድበታል፣ ዳገቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ አለችን። ጋሼ ፍቅሬ ዊልቸሩ ላይ ተቀመጠ። ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋደመ። እኔ ከኋላ ያዝኩ። ማኔ ራቅ ብላ፣ የሻዩን ፔርሙስ አቅፋ፣ ከጎን ትሄዳለች።

ከጭጋጉ ውስጥ የሰው የሚመስል ረጅም ፉጨት ተሰማ። ቀጥሎ ሌላ።

ማኔ ቆመች። "ምን ያለው ባለጌ ነው በዚህ ብርድ የሚያፏጨው?"

ሃሴት በሳቅ ፈነዳች። የሚያፏጨው ማርሞት የሚባል እንስሳ ነበር። ድመት የሚያክል፣ ወፍራም፣ አበባ እየበላ ነው። እንስሳውም ቀና ብሎ ማኔን አያት፣ ማኔም አየችው። "ይቅርታ፣ አላወቅኩህም" አለችው። ጋሼ ፍቅሬ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሳቀ።

በግራና በቀኝ መስኩ አበባ ብቻ ነው፤ ወይን ጠጁ፣ ነጩ፣ ቀዩ፣ ሁሉም ጤዛ አዝሎ አንገቱን ደፍቷል። ደስ ብሎኝ ወዲያና ወዲህ እያየሁ ስገፋ ዳገቱ እንደጠነከረ ልብ አላልኩም። አስፋልቱ እርጥብ ነበር። እግሬ ከዳኝ። በጉልበቴ ስወድቅ አንዱ እጀታ ከእጄ አመለጠ፣ ዊልቸሩ ከነጋሼ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

ሃሴት ጮኸች። እኔ በአንድ እጄ ተንጠልጥዬ ልይዘው ታገልኩ፤ እየጎተተኝ ይወርዳል። ፔርሙሱ መሬት ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፤ ቀና ስል ማኔ ደርሳለች። ወገቧን ወንበሩ ጀርባ ላይ አስደግፋ፣ አንድ እግሯን ጎማው ሥር ወትፋ አቆመችው። ፍሬኑን በጫማዋ ረገጠች። "ያዝኩህ፣ ያዝኩህ፣ ያዝኩህ" እያለች ነበር፣ ከቆመም በኋላ።

ማንም አልተጎዳም። የእኔ ጉልበት ተላጠ፣ እሱም ያን ያህል አልነበረም። ማኔ ገላመጠችኝ እንጂ አልተቆጣችኝም። እጀታውን ያዘች።

"ተይ" አላት ጋሼ ፍቅሬ። ደህናውን እጁን ከፍ አደረገ።

"አልተውም!"

"ማኔ... ተይ። ሃሴት..."

"ሃሴት ምን? ልጅቷም ትውደቅ?" እኅቴ ጮክ ብላ ስትናገር ያን ቀን ነው የሰማኋት። በአጠገባችን የሚያልፉ ሰዎች ዘወር አሉ። "ስሙን የማላውቀውን ሰው ሁሉ ስገፋ እውላለሁ። ባሌን ስይዝ ተይ እባላለሁ። ለምን? ከእኔ ጋ መታየት ካፈርክ ንገረኝና ይውጣልኝ!"

ጋሼ ፍቅሬ አንገቱን ሊያዞር ሞከረ። አልቻለም። ማኔ ፍሬኑን አረጋግጣ ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። አፉን ከፈተ፣ ቃሉ እምቢ አለው። ሃሴት ልታግዘው ስትል በእጄ ያዝኳት። ጠበቅነው።

"እጅሽ" አለ።

"እጄ ምን ሆነ?"

"ማታ ማታ... ሙቅ ውሃ። ጨው።" ደህናውን እጁን አንሥቶ የግራ አንጓውን አሻሸ፣ ማኔ ከሥራ ስትመለስ የራሷን እንደምታሸው። "አያለሁ። አምሞሻል። ጣትሽን... ማጠፍ አቅቶሻል።" ትንፋሽ ወሰደ። "ለሁሉ... ትገፊያለሽ። እኔ ጋ ስትመጪ... እረፊ። ሌላ... የምሰጥሽ... የለኝም።"

እኔ ያ ሰው ቤተ ክርስቲያን ደጅ የቀለደውን ቀልድ አስታወስኩ። ጋሼ ፍቅሬ ያልሳቀው ለካስ ነገሩ እውነት መስሎ ስለታየው ነው፤ ሥራና ቤት አልለይ ያላት በእሱ ምክንያት መስሎት ነው።

ማኔ እዚያው እርጥብ አስፋልት ላይ ቁጢጥ ብላ ግንባሯን ጉልበቱ ላይ ደፋች። "ፍቅሬ" አለች። "ፍቅሬ። እኔ እኮ አፈረብኝ ብዬ..." አልጨረሰችውም። እሱ ፀጉሯን ይዳብሳል። ሃሴት ጀርባዋን ሰጥታን አበባ ታያለች፣ ትከሻዋ ግን ይነቃነቃል።

ከዚያ ተነሣችና ገፋችው። እሱም ተይ አላላትም። ሃሴትና እኔ ከግራና ከቀኝ አገዝናት። ዳገቱን ጨርሰን መንገዱ የተስተካከለበት፣ የድንጋይ መቀመጫ ያለበት ቦታ ስንደርስ፣ ጋሼ ፍቅሬ እጁን አነሣ። "አቁሚ።" ምርኩዙን ተመርኩዞ ከዊልቸሩ ተነሣ። ደከመው፣ መቀመጫው ላይ ሊያርፍ ነው ብለን ስንጠብቅ ዞሮ ወንበሩን አመለከታት።

"ተቀመጪ።"

"እኔ?"

"ተቀመጪ።"

"ኧረ በስማም! ሰው ምን ይለኛል? ደህና እግር እያለኝ?"

"ማሚ፣ ሲት ዳውን" አለች ሃሴት።

ማኔ በዚያ ሁሉ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ዊልቸር ላይ ተቀምጣ አታውቅም ነበር፤ ሥራ ቦታ ሠራተኞቹ ሲደክማቸው አረፍ ይሉበታል፣ እሷ ግን ገድ አይደለም ትላለች። እኔን አየችኝ። "እኔን አታይኝ፣ እትዬ" አልኳት። ቀስ ብላ፣ እንግዳ ቤት እንደምትቀመጥ ሰው፣ ጫፉ ላይ ተቀመጠች። ሃሴት የእግር ማሳረፊያውን ዘርግታ የእናቷን እግሮች አንድ በአንድ አስቀመጠችላት። ጋሼ ፍቅሬ ምርኩዙን ለእኔ ሰጠኝ። በቀኝ እጁ አንዱን እጀታ ያዘ። የግራ እጁን ሃሴት አንሥታ ሌላው እጀታ ላይ አሳረፈችለትና በራሷ እጅ ሸፈነችው።

መጀመሪያ ዊልቸሩ አልንቀሳቀስ አለ። ከዚያ ጎማው ዞረ። አንድ እርምጃ። ግራ እግሩን ጎተተው። ሌላ እርምጃ። ማኔ አፏን በሁለት እጇ ይዛለች። ትሳቅ ታልቅስ አይታወቅም። ቀይ ጃኬት የለበሱ ሽማግሌ ባልና ሚስት መንገዱን ለቀቁልንና ዳር ቆሙ።

"ቀስ በል፣ ፍቅሬ። እንዳትወድቅ።"

"ዝም... በይ። ተሳፋሪ... ሾፌር አያናግርም።"

ሃሴት እየሳቀች ቀና አለች። "ኦ ማይ ጋድ" አለች በሹክሹክታ። "ወደ ላይ እዩ። ወደ ላይ!"

ጭጋጉ ተቀዶ ነበር። እኛ ጠዋቱን ሙሉ ተራራውን ከፊት ለፊታችን፣ ዓይናችን በሚያርፍበት ነበር የምንፈልገው። ተራራው ግን እዚያ አልነበረም፤ ከራሳችን በላይ ነበር። ሰማይ ነው ብለን የተውነው ቦታ ሁሉ በረዶ ሆኖ ቆሟል። አንገታችንን ወደ ኋላ ጥለን ጫፉን ፈለግነው። ፀሐይ ያረፈበት ያብረቀርቃል፣ የተሰነጠቀው ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ከዴ ሞይን መንገድ ላይ የምናውቀው ያ ለስላሳ ነጭ ነገር ለካስ ገደል፣ ስንጥቅና ጥቁር ዐለት ነው። ከዚያ ከሩቅ፣ ገልባጭ መኪና ድንጋይ ሲያራግፍ የሚመስል ድምፅ መጣ። የበረዶ ናዳ ነበር። ጢስ የመሰለ ነገር በጎኑ ቀስ ብሎ ሲወርድ አየን፣ ድምፁም አለቀ። መንገደኛው ሁሉ ቆሟል።

ማኔ ዊልቸሩ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን አቅንታ፣ "ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ ነበር?" አለች፣ የጠፋ ዘመድ ያገኘች ያህል።

ጋሼ ፍቅሬ እጀታውን ተደግፎ ከኋላዋ ቆሟል። ላቡ በጉንጩ ይወርዳል። ተራራውን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የእሷን ራስ አየ።

"ስንቱን ሰው... ነዳሁ" አለ። "አንቺን... ገና ዛሬ።"

እጇን ወደ ኋላ ሰደደችና እጀታው ላይ ያለውን እጁን ያዘችው። ደመናው ተመልሶ ተራራውን እስኪሸፍነው ድረስ እንደዚያው ቆዩ። ለነጂባ ፎቶ ያነሳ ማንም አልነበረም፤ ሁላችንም ረሳነው።

ፏፏቴውንም አየን፤ ቆንጆ ነበር። ዳቦውን በላን፣ ሻዩ ግን ፔርሙሱ ተሰንጥቆ ፈሶ ነበር። ስንመለስ እኔ ከሃሴት ጎን ተቀመጥኩ። ከኋላ ሁለቱ ጎን ለጎን ተደጋግፈው ገና ጫካውን ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሃሴት በመስታወት እያየቻቸው በጣም በዝግታ ነዳች፤ ከኋላችን ያሉ መኪናዎች ክላክስ ሲያደርጉባት፣ "ይለፉ" አለች፣ በአማርኛ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ዊልቸሩን እየገፋ መራመዱን ስትሰማ ወደደችው፤ በየቀኑ በረንዳው ላይ እንዲለማመድ አደረገችው። ማኔ በበኩሏ በእሱ ጉትጎታ እጇን ሐኪም አሳየች። ጅማቱ ነርቩን ተጭኖት ነበርና ኦፕሬሽን ሆነች። ቀኝ እጇ በፋሻ በታሰረበት ሰሞን ከሁለቱ አንድ የተሟላ ሰው ይወጣ ነበር፤ እሷ ሽንኩርቱን በግራ እጇ ትይዛለች፣ እሱ በቀኝ እጁ ይከትፋል። "ጣቴን!" ትላለች። "የቱ... ነው ጣትሽ?" ይላታል። ስትድን አለቆቿ ሰው የመመደብ ሥራ ሰጧት፤ አሁን በሬዲዮ ሌሎቹን ታሰማራለች፣ ሰው ሲጎድል ግን አሁንም ራሷ ትገፋለች። እሱም አንደበቱ ቀስ በቀስ እየተፈታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። አንዳንዴ እሷ ትገፋዋለች፣ አንዳንዴ በምርኩዙ ይገባል፣ ማንም ምንም አይልም፤ ቢልም የሚመልስለት አያጣም።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ሃሴትን ቤሊንግሃም ከተማ ኮሌጅ ልናስገባ ሄድን። የመኝታ ሕንፃው ሊፍት በሌሎች ወላጆች ሻንጣና ፍራሽ ተጨናንቆ ነበር። ጋሼ ፍቅሬ ደረጃውን አየ፣ ሃሴትን አየ፣ ምርኩዙን አጥብቆ መውጣት ጀመረ። እኔና ማኔ ብርድ ልብስና ትራስ ተሸክመን ከኋላው። ክፍሏ ስንገባ የክፍል ጓደኛዋ ገና አልመጣችም። ማኔ ወዲያው አንሶላ ማንጠፍ ጀመረች። እሱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ሰበሰበ፣ ግድግዳውን፣ ጠረጴዛውን፣ ጠባቧን መስኮት አንድ በአንድ አየ።

"ጥሩ ክፍል ነው" አለ። አንዴም ሳይቆም፣ አንዴም ሳይሰበር።

ሃሴት ትራስ እንደያዘች ዞር አለች። "ዳዲ፣ ድገመው።"

"ጥሩ ክፍል ነው" አለ ጋሼ ፍቅሬ። "መስኮቱን ግን ማታ ዝጊው።"